ለውባለም እናት ያነበብኩት ውል

እኔ አንጓች፣ ከልጅነቴ ጀምሮ መተት፣ ቡዳ፣ ጠንቋይ ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ አሁንም እስቃለሁ፣ እመኑኝ፣ ሰው መጥቶ "እገሌ ማታ ጅብ ሆኖ ሲሄድ አየሁት" ቢለኝ "ታዲያ ሰላም አልከው?" ብዬ ነው የምመልስለት፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና "ይች ልጅ አንድ ቀን ምላሷ ያንቃታል" ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ከእኔ አፍ ስትሰሙ አንጓችም አበደች እንዳትሉ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምናገረው፣ ያልገባኝን ደግሞ አልገባኝም ብዬ አልፈዋለሁ። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ ጨረቃ የለችም፣ የእኔ ግን በቀን ነው፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ኮምፒውተር ቤቴ ውስጥ።

ሥራዬን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ። ኢንተርኔት የሚባለው ሳይመጣ በፊት እኔ በታይፕ ውል ጸሐፊ ነበርኩ፣ የበሬ ሽያጭ፣ የእርሻ ማካፈያ፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ ከደምበጫና ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለ ገበሬ የሚያውቀኝ በዚሁ ነው። አንድ ደንብ ነበረኝ፣ ውሉን ከአርእስቱ እስከ ምስክሮቹ ስም ጮክ ብዬ ሳላነብለት ማንም ሰው አውራ ጣቱን ቀለም አያስነካም፣ የቸኮለ አለ፣ "መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ አንጓችየ፣ አንችን አምንሻለሁ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የጣት ቀለሙን ከሥሬ አድርጌ እቀመጥበታለሁ፣ "እኔን አትመነኝ፣ ጆሮህን እመን" ብዬ አንዲት ቃል ሳላስቀር አነባለሁ። መኪና ያመለጠው ብዙ ነው፣ በውል የተጣላ ግን አልሰማሁም፣ በዚህ እኮራ ነበር፣ አሁን ሳስበው ኩራቴ ነው ያዘናጋኝ።

ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፣ ታይፑ ጥግ ያዘ፣ እኔም ባሕር ዳር ሄጄ ሦስት ወር ተምሬ መጣሁና ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ደረደርኩ። መስመሩ እንዴት ያለ ዘገምተኛ መሰላችሁ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ንስሐ ገብቶ መመለስ ይቻል ነበር። ወጣቱ ሁሉ ኢሜይል አውጭልኝ ይላል፣ ቅጹ ስም ይጠይቃል፣ የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አገር፣ የልደት ቀኑን የሚያውቅ የታለና፣ "መንግሥት ሲለወጥ ነው"፣ "ዳጉሳ ሲታጨድ ነው" ይሉኛል፣ እኔ ሁሉንም መስከረም አንድ አስወልዳቸዋለሁ። የሚያስቸግረው የይለፍ ቃሉ ነበር፣ ዛሬ ያወጡትን ነገ ይረሱታል፣ ከዚያ መጥተው በእኔ ላይ ያለቃቅሳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ብልሃት መጣልኝ፣ ብልሃት ካላችሁት እንግዲህ! በእኛ አገር የክርስትና ስም እናትና አባት፣ ክርስትና ያነሣ ሰውና የንስሐ አባት ብቻ የሚያውቁት ነው፣ የሚጠራውም በጸሎት ጊዜና ሰው ሲሞት በፍትሐት ነው፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ያሳስርበታል፣ ያስደግምበታል ይባላል። እንዲህ ያለ ምስጢር እያለ ሌላ ምን ፍለጋ ይኬዳል አልኩና "የክርስትና ስምህን አድርገው፣ አንተ አትረሳውም፣ ሌላው አያውቀውም" ማለት ጀመርኩ፣ በእንግሊዝ ፊደል መጻፉን ስለማይችሉበት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሹክ ይሉኛል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የስንቱ ጎረምሳ ምስጢር በጆሮዬ እንዳለፈ የምናውቀው እኔና እግዜር ነን። መጨረሻ ላይ አንድ ረዥም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፣ ከሥሩ "እስማማለሁ" የምትል ትንሽ ሣጥን አለች፣ እሷን ጠቅ አድርጌ አሳልፋቸዋለሁ። ጽሑፉን አንብቤው አላውቅም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

ውባለም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት አድራሻ አወጣሁላት፣ ስሟን ሹክ አለችኝ፣ እስማማለሁን ጠቅ አደረግሁላት፣ በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ጣት መጻፍ ለመደች። ከሄደች በኋላ ደብዳቤዋ በየወሩ በእኔ አድራሻ ይመጣል፣ በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ግማሹን ገምታችሁ የምታነቡት፣ እኔ አትሜ አስቀምጥና እናቷ ሲመጡ አነብላቸዋለሁ። ሁልጊዜ "እማየ እንዴት ነሽ" ብሎ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ስለ አንዲት ቀይ ጊደር ይጠይቃል፣ "አታልቅሽ" ብሎ ያልቃል። ከሚያዝያ በኋላ ቆመ። በሰጠችን ቁጥር ስንደውል የማናውቀው ቋንቋ የሚናገር ሰው ያነሣና ይዘጋብናል፣ የላካት ደላላም ስልኩን ቀይሯል።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። ክረምቱ የከፋበት ሳምንት ነበር፣ ከላህ ወንዝ በኩል የተነሣው ጉም ከተማውን ውጦት መናኸሪያው የለም፣ አስፋልቱ የለም፣ ባጃጆቹ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ቁርሴን በልቼ ሱቄን ከፍቼ የተቀመጥኩት፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በላስቲክ ሸፍኛቸዋለሁ፣ አንዱን ብቻ ከፍቻለሁ። እንደዚያ ባለ ቀን ሰውነት ሁሉ ይዝላል፣ ዓይን ሳይከደን እንቅልፍ ይመጣል፣ እኔ ግን አልተኛሁም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

የውባለም እናት እማማ ጥሩአለም ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ደጄ ላይ ቆሙ፣ ነጠላቸው ርሶ ከሰውነታቸው ተጣብቋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

"እማማ፣ በዚህ ዝናብ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ሱባኤ ገብቸ ነበር፣ አቋርጨ መጣሁ። አንችየ፣ ልጀ በሕይወት ትኑር አትኑር ዛሬ ንገሪኝ።"

"እኔ ከየት አውቄ ልንገርዎ፣ የኔ እናት?"

"ዘመድ ተሰብስቦ 'እርምሽን አውጭ' አለኝ። ጾሙ ሲፈታ ለቅሶ ሊያስቀምጡኝ ነው። ቄሱም 'የክርስትና ስሟን አምጭ፣ እንጸልይላት' አሉኝ፣ የምን ጸሎት ነው ብየ ብጠይቃቸው ዝም አሉኝ።" እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አላለቀሱም። "በቁሟ ያለች ልጅ ይለቀስባታል? የሞተችስ እንደሆነ ሳይለቀስላት ትቀራለች? የእሷ ደብዳቤ ያለበትን ሣጥን ክፈችውና እይልኝ፣ ለሌላ ሰው ጽፋ እንደሆነ፣ ታምሜያለሁ ብላ እንደሆነ።"

"የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው፣ እማማ።"

"እኔ ለእሷ ሰው ነኝ?"

ምን ትላላችሁ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም እሺ አልኩና የውባለምን አድራሻ ጻፍኩ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉ ላይ ደረስኩ።

"እንግዲህ እዚህ ስሟን ነው የምጽፈው፣ የክርስትናውን።"

"አልጠራውም!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። "ዛሬ ከጠራሁት ለፍትሐት ይሆንብኛል፣ ከአፌ አይወጣም።"

"አይጥሩት፣ ግድ የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ።"

እናንተዬ፣ ያንን ቃል ባልተናገርኩ! ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፣ እንደ ሌባ ነው ያዩኝ።

"አንች የልጀን የክርስትና ስም ከየት አወቅሽው?"

አስረዳኋቸው፣ ብልሃቴን፣ ሹክታውን፣ ሁሉንም፣ ስኮራበት የነበረው ሁሉ እዚያው አፌ ላይ ውሃ ሆነ።

"የስንቱን ልጅ ስም እዚህ ውስጥ አስገባሽ?"

"የብዙ ልጅ።"

"ማን ይጠብቀዋል?"

"ባለቤቶቹ ናቸዋ።"

"የማን ዘር ናቸው? አገራቸው የት ነው?"

"አላውቃቸውም፣ እማማ።"

"ኧረ በሥላሴ! አጥር የሌለው ጓሮ ውስጥ ነው ልጆቻችንን ያሰማራሽው!" አሉ፣ እኔም ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ስሙን ጻፍኩት፣ ተሳስተሻል አለኝ፣ ደግሜ ጻፍኩ፣ ተሳስተሻል አለኝ፣ ልጅቷ እዚያ ሄዳ ቀይራዋለች ማለት ነው፣ ብልህ ልጅ፣ በሩ ተዘጋ። ለእማማ እንዳይከፈት ሆኗል ብዬ ነገርኳቸው።

ቀስ ብለው ተቀመጡና "ልጀ ወደዚህ ስትገባ የፈረመችው ውል የለም?" አሉ።

"አለ።"

"አነበብሽላት?"

ፊቴ ጋለ፣ እውነቴን ነው፣ በዚያ ብርድ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። "አላነበብኩላትም።"

"አንች! አንች አንጓች!" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "የእኔን በሬ ስሸጥ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብሽልኝ። እንግዲያስ ለእኔ አንብቢልኝ፣ ልጀ ለማን እንደተሰጠች ልስማ።"

ያንን ጽሑፍ ፈልጌ ከፈትኩት፣ መዝገበ ቃላቴን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግን የውል ቋንቋ የትም አገር አንድ ነውና ቀስ በቀስ ገባሁበት፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ "ደንበኛው" እያልኩ። እኛ ደንበኛው የሚሰጠንን ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አገር እንሰበስባለን ይላል። "ለምን ይሆን?" አሉ እማማ፣ አገልግሎታችንን ለማሻሻል ይላል አልኳቸው። ደንበኛው በየትኛው ሰዓት እንደመጣ፣ ከየት ቦታ እንደመጣ፣ በምን መሣሪያ እንደመጣ፣ ምን አይቶ እንደሄደ እንመዘግባለን ይላል። "ደንበኛው ነግሯቸው?" አይ፣ ሳይነግራቸው። ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ እንድናውቀው ብስኩት እናስቀምጥለታለን ይላል፣ ኮምፒውተሮቹ ኩኪ የሚሉትን ምልክት መዝገበ ቃላቱ ብስኩት ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ እማማ በጾም ብስኩት ማንን ሊያስቱ ነው ብለው አማተቡ፣ እኔም ሳቄ መጣ፣ አብረን ትንሽ ሳቅን፣ ያች ሳቅ የመጨረሻዋ ነበረች። መረጃውን በቁልፍ እንጠብቃለን፣ ነገር ግን ፍጹም የሆነ ጥበቃ የለም ይላል። "ይችን እንኳን እውነት ተናገሩ።" ለምናምናቸው ሦስተኛ ወገኖች ልናካፍል እንችላለን ይላል። "እነሱ ናቸው የሚያምኗቸው ወይስ ልጀ?" አሉ፣ እኔን በሃያ ዓመት የውል ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ዳኛ እንኳን የለም።

መብራት እልም ብሎ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሥር ያለችው ባትሪ ጥዝዝ ማለት ጀመረች፣ የእሷ ጉልበት ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው፣ "ቶሎ ልበል" አልኩና ቀጠልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቆይቶ ቆመ፣ ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ የሱቁን ወለል ሞላው፣ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ነው ያለው፣ ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ፣ የሆነ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሲያነብ የምሰማ ዓይነት፣ ደስም ይላል፣ ያስፈራልም። ያኔ ነው ከኋላዬ፣ ከላስቲኩ ሥር፣ ከተሸፈኑት ኮምፒውተሮች ከአንዱ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ውሃ ነው የሚንጠባጠበው አልኩ። ቀጭ። ቆየት ይላል። ቀጭ፣ ቀጭ። ቆየት ይላል። ሃያ ዓመት በታይፕ የኖርኩ ሴት ነኝና ቁልፍ ሲመታና ውሃ ሲንጠባጠብ ለይቼ አውቃለሁ፣ ዘወር ብዬ ግን አላየሁም። ማንበቤን ቀጠልኩ።

መቼ "ደንበኛው" ማለት ትቼ "ደንበኛዋ" ማለት እንደጀመርኩ አላውቅም። ደንበኛዋ በአንድ ጣት እንደምትጽፍ እናውቃለን፣ አልኩ፣ በየመሐሉ እንደምትቆምም እናውቃለን፣ ስትቆም ምን እንደምታስብ አናውቅም፣ ስንት ጊዜ እንደቆመች ግን ቆጥረናል። ደንበኛዋ ያለችበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ አይከፈትም። ደንበኛዋ ለመጻፍ የምትመጣው የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ የእመቤቲቱን ኮምፒውተር ከፍታ ነው፣ እግሯ ባዶ ነው፣ ወለሉ ይቀዘቅዛታል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ልክ ስለ ሦስተኛ ወገን እንዳነበብኩት በዚያው የውል ዜማ ነው፣ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ አልደነገጥኩም፣ አልገረመኝም፣ ሕልም ውስጥ ሙት ዘመድ መጥቶ ሲያነጋግራችሁ እንደማትገረሙት ማለት ነው።

ከጎኔ እማማ ጥሩአለም ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ፣ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው እጃቸውን በመስተዋቱ ላይ አሳረፉ፣ የጭቃ እጃቸውን።

"ቀጥይ፣" አሉኝ በሹክሹክታ።

ደንበኛዋ "እማየ" ብላ ጀምራ ያጠፋቻቸውን ደብዳቤዎች እንይዛለን፣ አልኩ። የጠፋ ሁሉ አይጠፋም። ደንበኛዋ "ጊደሯ ወለደች ወይ" ብላ ጽፋ አልላከችውም፣ ሳትልከው ይዘነዋል።

"ወልዳለች በያት!" ብለው ጮኹ፣ እናንተዬ፣ ያንን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ፣ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ውብየ! ወልዳለች! ቀይ ወይፈን ወልዳለች፣ በግንቦት ነው፣ እኔው ነኝ ያዋለድኳት! ሰማሽኝ?"

ከላስቲኩ ሥር ያለው ድምፅ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም፣ ባትሪዋ እንኳን ጥዝዝታዋን የተወች መሰለኝ፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ አሁን ሳያቋርጥ፣ በፍጥነት፣ በአንድ ጣት ሳይሆን በአሥሩም ጣት እንደሚጽፍ ሰው።

እኔ ደግሞ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደርሻለሁ። አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ በዓይኔ አነበብኩት፣ አፌም ሊከተል ተከፈተ። እንዲህ ይላል፣ ደንበኛዋ ከእንግዲህ መጻፍ ባትችልም አገልግሎቱ አይቋረጥም።

እማማ ፊቴን እያዩ ነው። ሌላውን ሁሉ ሰምተዋል፣ ቃል በቃል አንብቤላቸዋለሁ፣ ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ደስታ ብታዩት! ከሚያዝያ ወዲህ ያላየሁት ሰው ነው የሚያየኝ። "ባትችልም" ምን ማለት ነው? ኮምፒውተሩን ቢከለክሏት ማለት ሊሆን ይችላል፣ ብትታመም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ውል እንዲህ ነው፣ የፈለገውን ሁሉ በአንድ ቃል ይሸፍናል፣ እኔ ደግሞ ያንን ቃል ለማብራራት ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አለቀ፣" አልኳቸው።

ኮምፒውተሩ ጠፋ። ከቤተ ክርስቲያን በኩል ደወል ተሰማ፣ ቅዳሴ መውጣቱ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፣ አሥር ደቂቃ የማትቆየው ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ስታስነብበን ነበር። ተነሥቼ ላስቲኩን ገለጥኩት፣ ኮምፒውተሩ አልተከፈተም፣ ገመዱም ከግድግዳው የተነቀለ ነው፣ ቁልፎቹ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። እማማ ይህን ልብ አላሉም፣ ነጠላቸውን እየጨመቁ ይስቁ ነበር፣ "አለች። መስኮት አይከፈትላትም እንጂ ልጀ አለች። እርም የሚያወጣ ካለ ለራሱ ያውጣ!" ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ያንን ጽሑፍ ከፍቼ ሙሉውን አተምኩት፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን ፈለግሁ፣ ስለ ስም አለ፣ ስለ ቦታ አለ፣ ስለ ሦስተኛ ወገን አለ፣ ብስኩቱም አለ፣ አራተኛ ፎቅ ግን የለም፣ ጊደር የለም፣ ያች የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርም የለችም። አንድ የኮምፒውተር መምህር ደንበኛ ነበረኝ፣ ለእሱ ነገርኩት፣ "አንጓች፣ በጾም ራስሽን አዙሮሽ ነው" አለኝ፣ "እኔ ቁርሴን በልቻለሁ፣ ይልቅ ያዞረው አንተን ነው" ብዬ አባረርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስትና ስም አልጠየቅሁም፣ የጻፍኩትን ሁሉ ላስወጣ ብዬም ሞከርኩ፣ ማስገቢያው እንጂ ማስወጫው የት እንዳለ አላገኘሁትም።

እማማ ለቅሶ አልተቀመጡም። ዘመዶቻቸው ተቆጡ፣ ቄሱ አዘኑ፣ እሳቸው ግን "አንጓች ውሉን አንብባልኛለች" እያሉ ነው የሚመልሱት፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር ልነግራቸው ተነሥቼ እመለሳለሁ።

ጥቅምት ሲገባ ደብዳቤ መጣ። ከውባለም አድራሻ ነው፣ ግን በእንግሊዝ ፊደል አይደለም፣ በራሳችን ፊደል፣ አንዲት ስህተት የሌለባት፣ እኔ እንኳን እንዲህ አድርጌ አልጽፍም። አትሜ አስቀመጥኩ፣ እማማ ቅዳሜ መጡ፣ መምጣቱን ስነግራቸው እልል አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን፣ ከዚያ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ሰጡኝ፣ እኔም አነበብኩ።

"ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጊደሯ ቀይ ወይፈን በመውለዷ ደስ ብሎኛል። ስለ እኔ ምንም አያስቡ።"

እኔ ስለ ወይፈኑ አልጻፍኩላትም። እማማም የሚያጽፉት ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም።

"ልጀ በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም፣" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ቀስ ብለው፣ የሚቆጡ አይመስሉም። "አታልቅሽም አላለችኝ።"

"እማማ፣ ያን ቀን አንድ ያልነገርኩዎ..."

"ተይው፣" አሉኝ። እጃቸውን አንሥተው አፌን ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም። "ተይው፣ አንጓችየ። አለቀ ስትይኝ ፊትሽን አይቸዋለሁ።"

ተነሥተው እስከ ደጁ ሄዱ፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ መናኸሪያው ውስጥ የቡሬ መኪና እየተጣራ ነበር፣ አልሄዱም፣ ጃንጥላውን መልሰው አጠፉና መጥተው እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እስኪ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣" አሉ።

ደገምኩላቸው። በየወሩ ይመጣል፣ በየወሩም አነብላቸዋለሁ።